የ1966 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ የሸራ ጣሪያ ሃይድሮሊክን ማደስ፦ ከምርመራ እስከ አየር ማስወጣት

የኋላውን መቀመጫ ነቅዬ ሳወጣ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የተላጠ ቀለም ላይ ነው። የሸራ ጣሪያውን በዘይት ግፊት ከሚያነሳው ፓምፕ ሥር፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ፣ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነስቷል። ብረቱ ራቁቱን ቀርቶ ዝጓል። ፀሐይና ዝናብ የማያገኘው፣ እግርም የማይረግጠው ቦታ ነው። ታዲያ ቀለሙን ምን ላጠው?

የፍሬን ዘይት ነው። ከእኔ በፊት መኪናዋን የያዘ ሰው ጣሪያው አልነሳ ሲለው፣ እጁ ላይ ያገኘውን የፍሬን ዘይት ፓምፑ ውስጥ ጨመረ። ፓምፑ ውስጥ የነበረው ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነበር። ሁለቱ አይስማሙም። ዘይቱን የሚያግዱት ጎሚኒዎች አበጡ፣ ዘይቱ ማፍሰስ ጀመረ፣ የፈሰሰውም ቀለሙን በላው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ አንድ ጎን ቀድሞ መነሳቱ፣ ሞተሩ መጮሁ፣ ጣሪያው መንገድ ላይ ቆሞ መቅረቱ፣ ከዚያች አንድ ጠርሙስ የመጣ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ አሮጌ መኪና ገዝተው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠግኑ ሐበሾች አሉ። ብዙዎቻችን ጣሪያው እንቢ ሲል መጀመሪያ የምናደርገው አዲስ ፓምፕ ማዘዝ ነው። እኔ ግን ቀድሞ ስለ ዘይቱና ስለ ጣሪያው ብረቶች እርግጠኛ መሆን ይበጃል እላለሁ። ከታች ያለው ቅደም ተከተልም ለዚህ ሲባል የተደረደረ ነው። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል።

ሲስተሙ ምን ምን አለው?

ሙስታንግ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 ስትመረቅ ባለ ሸራዋም አብራ ወጥታለች። በ1966 ሞዴል 72,119 ባለ ሸራ ተሠርቷል። የአንዳንዶቹ ጣሪያ በእጅ የሚታጠፍ ነው። ተጨማሪ የተከፈለባቸው ግን በማብሪያ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። የምናወራው ስለ እነዚህኞቹ ነው።

ከኋላ መቀመጫው ጀርባ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ከሞተሩ ጋር ፓምፕና የዘይት ማጠራቀሚያ በአንድነት ተገጥመዋል። በግራና በቀኝ፣ በጎን ሽፋኑ ውስጥ፣ አንድ አንድ ሲሊንደር ቆሟል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ቱቦ አለው። ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ዘይቱ ከታች ይገባና ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጣሪያው ይነሳል። ሞተሩ በተቃራኒው ሲዞር ዘይቱ ከላይ ይገባና ዘንጉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ጣሪያው ይወርዳል። ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። በጣም የምወደውም ለዚህ ነው። የምታዩትና የምትዳስሱት ነገር ብቻ ነው ያለው።

1. መጀመሪያ ዘይቱን እወቁ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ የአሜሪካ ባለ ሸራ መኪኖች ጣሪያቸውን የሚያነሱት በፍሬን ዘይት ነበር። በኋላ ፋብሪካዎቹ ወደ ካምቢዮ ዘይት ዞሩ። ስለዚህ የመኪናው ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። በ50 እና በ60 ዓመት ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበትም አይታወቅም።

ፈተናው ቀላል ነው። ግልጽ ብርጭቆ ውሰዱ፣ ግማሹን ውኃ ሙሉ። ከማጠራቀሚያው በስሪንጅ ትንሽ ዘይት ስባችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት። የካምቢዮ ዘይት ከሆነ ልክ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅባት ክብ ክብ እየሠራ ላዩ ላይ ይቀራል። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከሆነ፣ ማለትም ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ውኃው ውስጥ ይሟሟል።

የእኔን ሳደርግ ሁለቱንም አየሁ። ላዩ ላይ ቡናማ የሆነ ቀይ ዘይት ተንሳፈፈ። ከሥሩ ውኃው እንደ ገብስ ውኃ ደፈረሰ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ዘይቱ ወይን ጠጅ ቀለም ካለውና ከውኃው ጋር ካልተቀላቀለ ደግሞ ዶት 5 የሚባለው በሲሊኮን የተሠራ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል፣ መንሳፈፉን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ቀለሙንም ተመልከቱ።

ይህን ያህል የምጨነቀው በጎሚኒዎቹ ምክንያት ነው። ለፍሬን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ የካምቢዮ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ለካምቢዮ ዘይት የተሠራውም የፍሬን ዘይት አይስማማውም። የፍሬን ዘይት በዚያ ላይ እርጥበት ከአየር ይስባል። ዓመታት ሲያልፉ ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ሁለቱ ተቀላቅለው ካገኛችሁ ማጠብ ብቻውን አይበቃም። ያ ዘይት የነካው ጎሚኒ፣ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) እና ቱቦ በሙሉ መቀየር አለበት። እዚህ ላይ ለመቆጠብ አትሞክሩ።

2. ጣሪያውን በእጃችሁ አንሱ

ሰዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። ባትሪውን ከኔጌቲቭ በኩል ንቀሉ። የኋላ መቀመጫውንና የጎን ሽፋኖቹን አውጡ። የሲሊንደሮቹ ዘንግ ከጣሪያው ብረት ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ፈልጉና በሁለቱም ጎን አላቁት። ይህን ስታደርጉ ጣሪያው የፊት መስታወቱ ላይ ተቆልፎ ይሁን፤ ካልሆነም ሰው ይያዝላችሁ። ማጠፊያዎቹ መካከል ጣታችሁን አታስገቡ። መቀስ ናቸው።

አሁን ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ጣሪያውን ቀስ ብላችሁ አውርዱና አንሱ። ጤነኛ ጣሪያ ከበድ ይላል እንጂ አይነክስም። አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ፣ ከጮኸ ወይም አንዱ ጎን ወደ ኋላ ከቀረ፣ ችግሩ ያለው ብረቱ ላይ ነው። የተጣመመ ክንድ፣ የደረቀ ማጠፊያ፣ የተበላ ቡሽ (ማያያዣው ውስጥ የሚገባው ቀለበት) ይኖራል። ይህን ሳታስተካክሉ አዲስ ፓምፕ ብትገጥሙ፣ ብረቱን የበለጠ የሚያጣምም ጉልበት ጨመራችሁበት ማለት ነው።

እያንዳንዱን ማጠፊያ አጽዱ። ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ከሸራው ላይ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ደግማችሁ ሞክሩ። አንዳንዱ ሰው ሥራው እዚሁ ያልቅለታል።

3. ኤሌክትሪኩ

ባትሪውን መልሱ። ዘንጎቹ ከጣሪያው እንደተላቀቁ ማብሪያውን ተጫኑና አዳምጡ።

ምንም ድምፅ ከሌለ፦ ማብሪያው፣ ሰርኪት ብሬከሩ ወይም ሽቦው ነው። ሞተሩ በቀላሉ እየዞረ ከጮኸና ዘንጎቹ ካልተንቀሳቀሱ፦ ዘይት አንሷል ወይም አየር ገብቷል። ሞተሩ እያቃሰተ ካልዞረ፦ ፓምፑ ተጣብቋል፣ ወይም የሚደርሰው ቮልት አይበቃም።

ቮልቱን የምትለኩት ሞተሩ እየሠራ ሳለ ነው። ቆሞ ስትለኩት ሁሌ ደህና ይመስላል። ባትሪው ላይ ያለውንና ሞተሩ ላይ የሚደርሰውን አወዳድሩ። ልዩነቱ ከአንድ ቮልት ተኩል በላይ ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ እየባከነ ነው። መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የመሬት ሽቦ ይሁን። ቡሎኑን ፍቱ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ ብረቱ ሲያበራ መልሳችሁ እሰሩ። እኔ ይህን ብቻ አድርጌ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ።

4. መፍታት

ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ብዙ። ከዚያ በቱቦዎቹ ላይ ምልክት አድርጉ። ከሲሊንደር በላይ ለሚገቡት ሁለት ቱቦዎች ነጭ ቀለም፣ ከታች ለሚገቡት ቢጫ። ከተቀያየሩ ማብሪያው በተቃራኒው ይሠራል። አንዱ ጎን ብቻ ከተቀያየረ ደግሞ አንዱ ሲሊንደር ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፤ ጣሪያውም ይጣመማል።

ወለሉ ላይ ፕላስቲክና ያረጁ ፎጣዎች አንጥፉ። የፍሬን ዘይት ካለ ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ የተንጠባጠበውን ወዲያው በውኃ ጥረጉ። የማጠራቀሚያውን መሙያ ቡሎን ቀስ ብላችሁ በጨርቅ ሸፍናችሁ ክፈቱ። የቱቦዎቹ ማያያዣ ለስላሳ ነሐስ ስለሆነ በተራ ቁልፍ ጥርሱ ይበላል። ለፍሬን ቱቦ የሚሠራውን፣ ዳዶውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቁልፍ ተጠቀሙ። መኪናዋ አሜሪካዊት ናት፤ ቁልፎቹም በኢንች የሚለኩ ይሁኑ። አንዱን ስትፈቱ ሌላውን ጎን በሁለተኛ ቁልፍ ያዙ፤ አለዚያ ቱቦው አብሮ ይጠመዘዛል።

5. ሲሊንደሮቹ

ዘንጉን አውጡና በጥፍራችሁ ከላይ ወደ ታች ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ሲሊንደሩ አብቅቷል። ዘንጉ ላይ ያለው ጭረት አዲስ ጎሚኒ ቢገባለትም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቆርጠዋል። ዘንጉ ለስላሳ ከሆነና ከአንገቱ ላይ ብቻ ዘይት ካለ ግን ተስፋ አለ።

የብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሲሊንደሮች ጫፍ በፋብሪካ ተጨፍልቆ የተዘጋ ነው፤ ለመክፈት አልተሠሩም። የእኔም እንዲሁ ነበሩ። ስለዚህ አዲስ ገዛሁ። ስትገዙ ሁለቱንም አንድ ላይ ግዙ። አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ካላችሁ፣ አዲሱ ቀድሞ ይነሳል፣ አሮጌው ይከተላል፣ ጣሪያው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጠመዘዘ ይሄዳል። ሻጩንም ጎሚኒው ለየትኛው ዘይት እንደተሠራ ጠይቁት።

6. ፓምፑ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፓምፑን ከነሞተሩ አውጡና ከውጭ ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡት። ከመክፈታችሁ በፊት በሞተሩ፣ በፓምፑና በማጠራቀሚያው ጎን ላይ በስለታም ነገር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ስትመልሱ መስመሩ መገጣጠም አለበት።

ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፉ። የማጠራቀሚያውን ጣሳ ፍቱ። ውስጡ ያለው ዝቃጭ ብዙ ይነግራችኋል። የእኔ ውስጥ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር ተጋግሮ ነበር። በጣቴ ሳሸው ተለጠጠ። የሟሟ ጎሚኒ ነው።

ከዚያ የፓምፑን አካል የያዙትን ቡሎኖች ፍቱ። ውስጡ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ሮተሮች አሉ፤ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። የትኛው ፊታቸው ወደ ላይ እንደነበር በማርከር ምልክት አድርጉ። ዘይቱ የሚሄድባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ደግሞ ትናንሽ የብረት ኳሶች አሉ። ዘይቱ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንዷ ከጠፋች ፓምፑ ይዞራል እንጂ አይገፋም። ነጩ ፎጣ ለዚህ ነው። እኔ አንዷ ወድቃ ፎጣው ላይ ስትቆም ያየኋት ነጭ ስለነበረ ነው።

ሮተሮቹን ብርሃን ላይ ተመልከቱ። ትንሽ መስመር ችግር የለውም። ጥልቅ ጭረት ወይም የተቆረሰ ጫፍ ካለ ግን ፓምፑ ግፊት መፍጠር ስለማይችል መቀየር አለበት። የፍሬን ዘይት የነበረበትን ክፍል በኢንዱስትሪ አልኮል እጠቡ፤ ዘይቱን ያሟሟዋል። በተጨመቀ አየር ቀዳዳዎቹን ሁሉ ንፉ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። አልኮል ስለሆነ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ፣ በርም ክፍት ይሁን።

አሁን ሞተሩ። በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ፣ ካፈሰሰ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱትን ካርቦኖች አውጥታችሁ እዩ። በዘይት ከራሱ ወይም ካጠሩ ቀይሯቸው። ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን መዳብ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አጽዱ። ጥቁሩን የብረት ማለስለሻ ሸራ (ኤመሪ) ግን አትጠቀሙ፤ ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በመዳቦቹ መካከል ገብቶ ሾርት ያደርጋል።

ስትመልሱ እያንዳንዱን ኦሪንግ በምትሞሉት ዘይት አርጥቡት። ደረቅ ኦሪንግ ይቀደዳል። ማጣበቂያ ሲሊኮን የሚባል ነገር እዚህ ቦታ አይግባ። ትርፉ ተጨምቆ ይወጣና ኳሶቹ ያሉበት ጠባብ መንገድ ላይ ይቆማል። አንድ ጋራዥ የጠገነውን የጓደኛዬን ፓምፕ ከፍተን ያገኘነው ይህንኑ ነው፤ ሰማያዊ ቁራጭ መንገዱን ዘግቶት ነበር።

7. ቱቦዎቹ

አራቱንም ቀይሩ። ያረጀ ጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና ቢመስልም ከውስጥ ይላጣል፤ የተላጠውም ወደ ታደሰው ፓምፓችሁ ይገባል። አዲሶቹን ከመግጠማችሁ በፊት በአየር ንፉባቸው። ቱቦው የሚያልፍባቸው የብረት ቀዳዳዎች ላይ ጎማ ቀለበት ይኑር። የትም ቦታ እንዳይታጠፍና የመቀመጫው ስፕሪንግ እንዳያሽው ተጠንቀቁ።

ጫፋቸው እንደ ጥሩምባ የተከፈተ ማያያዣዎች የሚዘጉት ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን አትጠምጥሙባቸው። አይረዳም፤ ቁርጥራጩም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በእጃችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ከዚያ በቁልፍ ጠበቅ አድርጉ። ከመጠን በላይ አታጥብቁ።

8. መሙላትና አየር ማስወጣት

ፓምፑ ቦታው ላይ ይሁን፤ የሲሊንደሮቹ ዘንጎች ግን ገና ከጣሪያው ጋር አይያያዙ። ዘንጎቹ ወደ ላይ እንዲያዩ አቁሟቸው። አንድ ሊትር አዲስ ዘይት አዘጋጁ፤ ይበቃችኋል።

መሙያው ቀዳዳ ላይ የሚገጥም ጫፍ ያለው ግልጽ ቱቦ ካገኛችሁ ሥራው በጣም ይቀላል። አንዱን ጫፍ መሙያው ላይ አጥብቃችሁ ግጠሙ። ሌላውን ዘይት በሞላ ግልጽ ማሰሮ ውስጥ ንከሩት። ማብሪያውን ስትጫኑ ፓምፑ ራሱ ከማሰሮው ይስባል፤ አየሩንም ወደ ማሰሮው ይመልሳል። አረፋው ሲወጣ ታያላችሁ። ይህ ከሌላችሁ ማጠራቀሚያውን ሙሉ፣ አንድ ጊዜ አስነሱ፣ ክፈቱና ጨምሩ፣ ደግማችሁ አስወርዱ፣ እንደገና ጨምሩ።

ዘንጎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙ ጊዜ አመላልሷቸው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዘላሉ። አየር ነው። በኋላ እኩልና ለስላሳ ይሆናሉ። ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ ማብሪያውን ወዲያው ልቀቁ። በየሦስት በየአራት ምልልሱ ሞተሩን አሳርፉት፤ ለረጅም ሥራ አልተሠራም፣ ይግላል። ባትሪው እንዳይደክም የመኪናው ሞተር ይሥራ። የጋራዡን በር ግን ክፈቱ፣ ጭሱ ይገድላል።

ስለ መጨረሻው የዘይት መጠን አንድ ነገር ልበል። ዘንጎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ሲሊንደሩ ውስጥ ቦታ ስለሚይዙ፣ የተረፈው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው በጣም የሚሞላው ጣሪያው ሲወርድ ነው። ጣሪያው ተነስቶ ሳለ እስከ አፉ ከሞላችሁት፣ ሲወርድ የሚሄድበት አጥቶ ኦሪንጉን ይገፋል። እኔ ዘንጎቹ ሙሉ በሙሉ ገብተው ሳለ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ እሞላለሁ። የሌላ ፋብሪካ መኪና ከሆነ የራሱን ማኑዋል ተከተሉ፤ ጣሪያው ተነስቶ እንዲለካ የሚያዙ አሉ።

9. መግጠም

ዘንጎቹን ከጣሪያው ብረት ጋር አያይዙ። አዲስ ቡሽ አድርጉ። መጀመሪያ ሲነሳ አንድ ሰው ማብሪያውን ይያዝ፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ ሁለቱን ጎኖች ይመልከት፤ አንዱ ጎን ከቀረ ወዲያው «ቁም!» ይበል። የኋላው ፕላስቲክ መስኮት እንዳይሰበር ዚፑን ከፍታችሁ አስተኙት። ቀዝቃዛ ቀን ከሆነ ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቁ።

ወዲያው መቀመጫውን አትመልሱ። ከፓምፑ ሥርና ከየሲሊንደሩ ሥር ንጹህ ነጭ ካርቶን አስቀምጡ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አንድ ጊዜ አንሱት፣ አውርዱት። የእኔ በሦስተኛው ቀን ከቀኙ ሲሊንደር ሥር ምስር የምታክል አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች። የታችኛውን ማያያዣ ሩብ ዙር አጠበቅሁት፣ ካርቶኑን ቀየርኩ። በሰባተኛው ቀን ካርቶኑ ነጭ እንደሆነ ነበር፤ መቀመጫውን መለስኩ።